ከዲንሾ እስከ ደሎ መና፦ ሳነቴን በሳይክል

ሰኞ፦ ዲንሾ

አውቶቡሱ ዲንሾ ሲያወርደን ሊመሽ ምንም አልቀረውም። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይክሎቻችን ጣራ ላይ ታስረው፣ እኛ ውስጥ ታጭቀን። ረዳቱ ገመዱን እየፈታ «በዚህች ነው ሳነቴን የምትወጡት?» አለ። አዎ አልነው። የፊት ጎማዬን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አየና «በርቱ!» ብሎ ተመልሶ ገባ።

ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከመኪና ስትወርድ መጀመሪያ ሰላም የሚልህ ብርዱ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚሁ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ሳነቴ የባሌ ተራሮች አናት ላይ ያለው አምባ ነው፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ። ብዙ ሰው ከጎባ ተነስቶ በአንድ ጠዋት በመኪና ይወጣዋል። ፎቶ ያነሳል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይወርዳል። በሳይክል ይህ አይሠራም። ሳንባ ካልለመደ እግር ብቻውን የትም አያደርስም። የታወቀው ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድርበትን ከፍታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ አትጨምር ነው። እኛም መጀመሪያ እዚህ ከርመን፣ ዌብ ሸለቆ አድረን፣ ለአንድ ሌሊት ወደ ጎባ ወርደን ከዚያ ልንወጣ አሰብን። መጨረሻችን በሐረና ደን በኩል ወርደን የምናገኛት፣ ከተራራው በስተደቡብ ያለችው ደሎ መና ናት።

አስጎብኚያችን ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሰው ናቸው። ጋሼ አልናቸው። ሳይክሎቹን ዞረው ካዩ በኋላ ስለ ማርሹም ስለ ጎማውም አልጠየቁም። «ፍሬኑ ይይዛል?» አሉ። ይይዛል አልን። «ጥሩ። ሐረና ላይ እንተያያለን።»

ማክሰኞ፦ ጋይሳይ

ቀላል ቀን። ከዲንሾ ወጣ ብሎ ያለው የጋይሳይ ሜዳ ዙሪያ ቀስ ብለን ነዳን። አላማው ደም እንዲለምድ እንጂ ኪሎ ሜትር ለመቁጠር አይደለም። የደጋ አጋዘኖች በመንጋ ቆመው አዩን። ወንዶቹ ቀንዳቸው ጥምዝ ነው። ከርከሮዎቹ ጭራቸውን አቁመው ሮጡ። መኪና የለመዱት እንስሳት ሳይክል ግራ አጋባቸው መሰለኝ፤ ድምፅ የለውም፣ ግን ይመጣል።

ማታ ራሴን ትንሽ አመመኝ። ውሃ ጠጥቼ ተኛሁ።

ረቡዕ፦ ዌብ ሸለቆ

ከዲንሾ ወደ ዌብ ሸለቆ የሚገባው ፒስታ ለስሙ የመኪና መንገድ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ኮረኮንች፣ ቀጥሎ ሣር፣ ቀጥሎ ድንጋይ፣ ከዚያ ጅረት። ጋሼ በፈረስ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ቁልቁለት ላይ እንቀድማቸዋለን፤ ዳገት ላይ ዞር ብለው ይጠብቁናል። ፈረሱ አንድም ጊዜ አላለከለከም።

እሳተ ገሞራ ሲባል ሰው ጭስ ይጠብቃል። ኤርታሌን በቴሌቪዥን እያየን ስላደግን ይመስለኛል። ባሌ ላይ እሳቱ ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። ቅልጡ ዓለት እየፈሰሰ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ ተራራውን ሠራው። ቀሪውን በረዶና ውሃ ጠረቡት። የሸለቆው ግድግዳ ላይ ዓለቱ ቀጥ ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀበት ቦታ አለ። ቅልጥ ዓለት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ከሥሩ ተሰብሮ የወደቀው ጥቁር ድንጋይ ጠርዙ ስለት ነው።

ስለቱን ጓደኛዬ ቀመሰው። የኋላ ጎማው ፍሽሽ አለ። ካላማዳሪያውን አወጣን፣ ቀዳዳውን አገኘን፣ በአሸዋ ወረቀት ፈገፈግን፣ ማስቲሽ ቀባን። ማስቲሹ አልደርቅ አለ። ብርድ ነዋ! በመጨረሻ ጓደኛዬ ጃኬቱን ከፍቶ የተለጠፈውን በብብቱ ይዞ ተቀመጠ። ሁለት እረኛ ልጆች መጥተው ፊት ለፊቱ ቁጭ አሉ። አንደኛው በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀ። ጋሼ ሳቁ። «ታመመ ወይ ነው የሚለው» አሉን። ለማንኛውም ልጣፉ ያዘ፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቀም።

ከሰዓት በኋላ ፊንጫ ሀበራ አካባቢ ደረስን። ወንዙ ከላቫው፣ ከዚያ ከረጋው ቅልጥ ዓለት፣ ጠርዝ ላይ ዘሎ ይወርዳል። እኔን የያዘኝ ግን ፏፏቴው ሳይሆን በአካባቢው ያለው የዓለት መጠለያ ነው። ከፍታው 3,469 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እዚህ ይኖሩ ነበር። እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ሰው በዚያ ዘመን መኖሩ ያልተጠበቀ ነገር ነበር። የሚበሉት በብዛት ፍልፈል ነው፤ የባሌው ግዙፍ ፍልፈል፣ በእሳት ተጠብሶ። መሣሪያቸውን የሚሠሩበትን ባልጩት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ያመጡት ነበር።

ባልጩት ማለት ላቫ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ጥቁር መስታወት ነው። ያንን ለማምጣት በባዶ እግር ይሁን በምን ከዚህ ተነስተው ወደዚያ ይወጡ ነበር። እኔ ሃያ አራት ማርሽ ይዤ አለቅሳለሁ።

ሶዶታ አካባቢ ድንኳን ተከልን። ሩዝ አልበስል አለን። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እንፋሎቱ ያታልላል እንጂ ሙቀቱ አይበቃም። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ከቦርሳቸው በሶ አወጡ። ከዚያ በኋላ ሩዙን ያነሳው የለም።

ሐሙስ፦ ወደ ጎባ

በመጣንበት ተመለስን። ሜዳው ላይ አንድ ጎረምሳ በፈረስ አጠገባችን መጣና አይኑን ወደ ፊት ወርወር አደረገ። ገባን፤ ውድድር ነው። ጓደኛዬ ማርሹን ጨመረ። መቶ ሜትር ያህል እኩል ሄዱ፤ ከዚያ ፈረሱ ጥሎት ሄደ። ጎረምሳው ሩቅ ደርሶ እጁን አውለበለበ። ባሌ ላይ ከፈረስ ጋር መወዳደር ሞኝነት ነው፤ ግን ማን ይቀራል?

ከዲንሾ ወደ ሮቤ አስፋልት ነው፣ አብዛኛው ቁልቁለት። የስንዴው ሜዳ ተጀመረ፣ ኮምባይነሮች መንገድ ዳር ቆመዋል። ስለዚህ መንገድ ብዙ የምለው የለኝም፤ አስፋልት አስፋልት ነው። ሮቤን አልፈን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ጎባ ገባን።

ጎባ ውስጥ አንድ ጎሚስታ ጋ ቆምን። ሥራው የአይሱዙና የባጃጅ ጎማ ነው። የጓደኛዬን ጎማ ገልብጦ ድንጋዩ የቀደደውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ከአሮጌ ካላማዳሪያ አንድ መዳፍ የሚያህል ቆርጦ ከውስጥ በኩል አስደገፈው። ሁለት ተጨማሪ ቁራጭ ሰጠን። «ይሄ ለሐረና» አለ። ሰው ሁሉ ሐረና ሐረና ማለቱ ትንሽ አሳሰበኝ።

ዓርብ፦ ዳገቱ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሳን። ጎባ 2,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ የሳነቴ አምባ ከ4,000 በላይ። በመሃል ያለው ሁሉ ዳገት ነው። ጋሼ ድንኳኑንና ምግቡን ይዘው በአይሱዙ ቀደሙን።

መጀመሪያ ጥድና ኮሶ ነው። ጥላው ጥሩ ነው፤ አየሩም ገና አለ። ጨዋታ እየተጫወትን ወጣን። ቀስ በቀስ ጨዋታው አጠረ። ዛፎቹም አጠሩ። አስታው ተጀመረ። ቅርንጫፉ ላይ የሽማግሌ ጢም የመሰለ ሽበት ተንጠልጥሏል። አስታው ውስጥ ስንገባ ከሁለታችን የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ለሚመጣ ሳይክል ነጂ አንድ ነገር ልበል። 4,000 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከምታገኘው ስልሳ በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። እግርህ አልደከመም፤ ግን አልሄድ ይላል። ትልቁ ጥፋት መቸኮል ነው። አንድ ድንጋይ ለማለፍ ገፋ ካደረግክ፣ የዚያን ዋጋ ለሁለት ደቂቃ ቆመህ ስታለከልክ ትከፍላለህ። ትንሹን ማርሽ ይዘህ፣ አፍንጫህ እስከቻለ በአፍንጫህ እየተነፈስክ መሄድ ነው። አፍ ከተከፈተ ቀስ በል። ከሰው እርምጃ ብትፈጥን በጥቂቱ ነው። ይሁን። ከዚህ ፍጥነት ጋር የታረቀ ይደርሳል።

አይሱዙዎች በአቧራ ሸፍነውን ያልፋሉ። ከጭነቱ ላይ የተቀመጡት «አይዞን!» ይሉናል። አንዲት እናት ከመኪናው ላይ ሆነው በእጃቸው ግፉ ግፉ የሚል ምልክት አሳዩን። አንድ ሹፌር አጠገባችን ቀስ ብሎ «ልጫናችሁ?» አለ። ጓደኛዬ አየኝ። አየሁት። አቧራው እስኪወርድ ዝም ተባባልን፤ ሹፌሩም መልሱን ሳይሰማ ሄደ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን መንገዱ ተዘረጋ። ዳገቱ ድንገት አለቀ። ጅብራዎች እዚህም እዚያም ቆመዋል፣ አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት ሁለት ሦስት እጥፍ። ጅብራ በዕድሜው አንድ ጊዜ ያብባል፤ አብቦ ይሞታል። የሞቱት ግንዶች ጠቁረው እንደቆሙ ይቀራሉ። መሬቱን ነጣ ያለ አጭር ቁጥቋጦ ሸፍኖታል። ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው።

ጋሼ ድንኳኑን ተክለው ሻይ አፍልተው ጠበቁን። ብዙ አልተነጋገርንም። ፀሐይ እንደጠለቀች ብርዱ አጥንት ገባ። በባትሪ ብርሃን አንዱን ጅብራ ጠጋ ብዬ አየሁት። ቀን ተዘርግቶ የነበረው ቅጠል ወደ ላይ ተሰብስቦ እምቡጡን ሸፍኖታል። ውርጩን የሚያሳልፈው እንዲህ ነው። እኔም ያለኝን ሁሉ ልብስ ደራርቤ ገባሁ።

ቅዳሜ፦ ሳነቴ እና ቱሉ ዲምቱ

ጠዋት ኮዳው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኗል። የሳይክሉ መቀመጫ ላይ ውርጭ ጋግሯል። ማርሹ አልቀየር አለ፤ ገመዱ ውስጥ የገባ እርጥበት ቀዝቅዟል። ጋሼ «ፀሐይ እስክትወጣ ማን ይሄዳል? ቀበሮውም አይነሳ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሳነቴ ላይ ሕይወት የሚጀምረው መሬቱ ሲሞቅ ነው። ረፋዱ ላይ ፍልፈሎቹ ወጡ። ወጡ ማለት እንኳን አይቻልም። ከአምስት ሜትር የማይርቅ ጉድጓድ ላይ አፈሩ ተነቃነቀ። መጀመሪያ አፍንጫ፣ ከዚያ ከላይ የተለጠፉ የሚመስሉ ትንንሽ ዓይኖች። ግማሽ አካሉን ብቻ አወጣ። በዙሪያው ያለውን ሣር በትልልቅ ጥርሶቹ ቀጨም ቀጨም አድርጎ ወደ ኋላው ገባ። ፊቱን አላዞረም፤ እንደወጣ በቂጡ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ጉድጓዱን በአፈር ደፈነው። አንዱ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። በዓለም ላይ ከባሌ ሌላ ቦታ የለም።

ፍልፈል ካለ ቀይ ቀበሮ አለ። ከመንገዱ ጥቂት ራቅ ብሎ አየነው። ሳይክሎቹን አስተኝተን እኛም ተኛን። በሆዱ ዝቅ ብሎ፣ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ዘለለ፤ ሳተ። ዞር ብሎ እኛን አየና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ እዚህ ባሌ ውስጥ። ትልቁ ጠላታቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በተደጋጋሚ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙዎቹን ጨርሷል። ስለዚህ ነው በአካባቢው ያሉ ውሾች የሚከተቡት። በዚህ መንገድ ላይ የሚበሩ መኪኖችም አሉ። ጋሼ መኪና በፈጠነ ቁጥር እጃቸውን ዘርግተው ዝቅ ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንዳንዱ ይሰማል፣ አንዳንዱ ክላክስ ያሰማል።

ከመንገድ አትውጡ የሚባለውም ለእንስሳቱ ብቻ አይደለም። መሬቱ በፍልፈል ዋሻ የተቦረቦረ ነው። ሳይክሉን ለማቆም ሁለት እርምጃ ወጣ ስል የኋላ ጎማዬ እስከ ግማሽ ሰመጠ።

ቱሉ ዲምቱ ከሩቅ ሲታይ ተራራ አይመስልም። ክብ፣ ዝቅ ያለ፣ ጫፉ ላይ የቴሌ አንቴና የተተከለበት ጉብታ ነው። 4,377 ሜትር መሆኑን የምታውቀው ስትወጣው ነው። እስከ አንቴናው የመኪና መንገድ አለው፤ ጠጠር የፈሰሰበት። የታችኛውን ግማሽ ነዳን። ከዚያ ጎማው ጠጠሩ ላይ ባዶውን መዞር ጀመረ። ወርደን ገፋን። አሥር እርምጃ፣ ዕረፍት። አሥር እርምጃ፣ ዕረፍት። በኋላ ስምንት ሆነ። ጓደኛዬ «እኔ እዚህ ብኖርስ?» አለና መሪው ላይ ተደፋ። አሥር ደቂቃ ቆይተን ቀጠልን።

ጫፉ ላይ ነፋስ ነው። አንቴናው ያፏጫል። ሳይክሎቹን ግድግዳ ላይ አስደግፈን ዞር ዞር አልን። ትንንሽ ሐይቆች፣ ጥቁር የዓለት ጉብታዎች፣ በመሃላቸው የምንሄድበት ክር የመሰለ መንገድ።

ከዚህ ላይ ሆኖ ለማመን የሚከብድ ነገር ላንሳ። ይህ አምባ በረዶ ተሸክሞ ነበር። የባሌ የበረዶ ግግሮች ከሁሉ የሰፉት ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ፊንጫ ሀበራ ላይ ፍልፈል እየጠበሱ ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች ዘመን ጋር ይገጥማል። ባልጩት ሊለቅሙ ሲወጡ በረዶውን አይተውታል፤ ምናልባት የቀለጠውን ውሃ ጠጥተውታል። ብርዱ ሌላም ነገር ትቷል። ሳነቴ ላይ ትልልቅ ድንጋዮች በመስመር በመስመር ተደርድረው ይገኛሉ። አንዳንዱ መስመር እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፤ 15 ሜትር ይሰፋል፤ 2 ሜትር ይጠልቃል። ሰው የደረደረው ይመስላል፤ ግን መሬቱ እየበረደና እየቀለጠ ሲገፋፋው የተደረደረ ነው። ዛሬ ሌሊቱ ቢበርድም ያን ያህል ድንጋይ የሚያንቀሳቅስ ብርድ የለም።

መውረዱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ወጥተን የጨረስነውን ሰዓት አልናገርም።

እሑድ፦ ሐረና

አምባው በስተደቡብ ድንገት ያልቃል። ከጠርዙ ላይ ቆመን ቁልቁል አየን። ከእግራችን በታች ደመና፣ ከደመናው በታች ደን። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይገባበታል። ጋሼ ከአይሱዙው መስኮት «ፍሬኑ ይይዛል?» ብለው ደግመው ጠየቁ። አሁን ለቀልድ አልነበረም።

ከ4,000 ሜትር ጠርዝ እስከ ደሎ መና 2,700 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። ሰው ዳገቱን ይፈራል፤ እኔ ከአሁን በኋላ የምፈራው ይህንን ነው። ልቅ ጠጠር፣ ኩርባ፣ ኩርባው ላይ የሚመጣ አይሱዙ። እጄ ፍሬኑን ጨብጦ ጨብጦ ደነዘዘ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈትቼ መልሼ ማጠፍ ነበረብኝ። ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ የሚቃጠል ሽታ መጣ። ቆምን። የፍሬኑ ዲስክ ላይ ምራቅ ጠብ ሳደርግበት ጭስ አለ። ጓደኛዬ ኮዳውን ከፍቶ ውሃ ሊያፈስበት ሲል እጁን ያዝኩት። የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ይጣመማል፤ ከተጣመመ ደግሞ እዚህ ማን ያቃናዋል? ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከዚያ በኋላ ፍሬኑን ይዞ ከመቆየት ጠበቅ፣ ለቀቅ፣ ጠበቅ፣ ለቀቅ። ይህ ያዋጣል።

ደመናው ውስጥ ገባን። አስታው እዚህ ዛፍ ነው፤ ግንዱ ጠማማ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ሽበት የለበሰ። ውሃ ከቅርንጫፉ ይንጠባጠባል። በየኩርባው ሙቀቱ ሲጨምር ይሰማሃል። መጀመሪያ ጓንት ወለቀ፣ ቀጥሎ ኮፍያ፣ ቀጥሎ አንደኛው ሹራብ።

ሪራ ላይ ቆመን ቡና ጠጣን። ቤቱ ደጃፍ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሐጂ ሳይክሎቹን አይተው «ሳነቴን በዚህ?» አሉ። ጋሼ በኦሮምኛ አስረዱላቸው። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁና ልጃቸውን ልከው ማር አስመጡልን። ለዳቦው ነው። ዳቦው አለቀ፤ ማሩን በጣት ጨረስነው።

ከሪራ በታች ቀርቀሃ መጣ። ቀርቀሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ ይኖራል። ድምፁን ሰማን፤ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ አየን፤ ራሱን ግን አላሳየንም። ካቻ ሰፈር ስንደርስ የኋላ ፍሬኔ ሸራ አልቆ ብረት ለብረት መፋጨት ጀምሯል። የያዝኩትን መለዋወጫ ገጠምኩ። ሐረና ውስጥ አንበሳ አለ ይባላል ብዬ ለጋሼ ጠየቅኳቸው። «አይባልም፤ አለ» አሉ። ድንኳኑን ወደ እሳቱ ጠጋ አደረግነው።

ሰኞ፦ ደሎ መና

የመጨረሻው መንገድ አጭር አልነበረም፤ ግን ቀለለ። ደን ቡናው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር እስከ መንገዱ ዳር መጥቷል። ከዚያ ደኑ ሳሳ። ከዚያ ግራር። ደሎ መና 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሞቃት ነው። ትናንትና ጠዋት ሹራብ ደራርበን የነበርን ሰዎች ዛሬ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ ሄድን። አየሩ ግን! ዳገት ላይ ማርሽ ጨምረን ወጣን፤ ማለክለክ የሚባል ነገር የለም።

ጋሼን እዚያው ተሰናበትናቸው። የተረፈንን የካላማዳሪያ ቁራጭ ለአንድ ልጅ ሰጠነው፤ ወዲያው ወንጭፍ ሊሠራበት ቆረጠው። መናኸሪያ ሄደን ወደ ጎባ የሚመለስ መኪና ስናገኝ ረዳቱ ሳይክሎቹን አየ። «እነዚህ ቦታ ይይዛሉ፤ ትኬት ይቆረጥላቸዋል» አለ። ጣራ ላይ ነው የሚሆኑት አልን። «ጣራም ቦታ ነው።» ጓደኛዬ ለሁለቱ አንድ ትኬት እንቁረጥ አለ። ረዳቱ አሰበበትና እሺ አለ። ትኬቱ ላይ ስም ጻፉ ሲል ግን የማን ስም እንደሚጻፍ ተከራከርን።